ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የምትጠፋው ልጅ

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተለቀቀ ቁጥር አገሩ ሁሉ ለአንድ ሳምንት ስለ ትምህርት ያወራል። ከተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ ማስደንገጡም ተገቢ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ ወሬ ፈተናው ላይ ስለደረሱት ልጆች ነው። እኛ ዛሬ የምናነሳት ልጅ ከፈተና ጣቢያው በር አልደረሰችም። 4ኛ ክፍል ላይ ከወንዶቹ ብዙም አታንስም ነበር፤ 5ኛና 6ኛ ላይ ውጤቷ ቀነሰ፤ 7ኛ ላይ መቅረት አበዛች፤ 8ኛን ወይ አልጨረሰችም ወይ ጨርሳ እዚያው ቆመች። ስለ እሷ መግለጫ የሚሰጥ የለም።

ይህችን ልጅ ለማግኘት ወደ ላስታ እንውጣ። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ቦታ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀው በዋሻ ውስጥ በተሠራው የዛጉዌ ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነው። ቱሪስት በደህናው ጊዜ መጥቶ፣ አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ግን ገብስና ስንዴ የሚዘራ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር የሚራብ ደጋ ገበሬ ነው። ልጆቹ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያለውን ክፍያ ካስቀረ 30 ዓመት አልፎታል። በወረቀት ደረጃ ለልጅቷ በሩ ክፍት ነው።

አንባቢ «የሙስሊም ሚዲያ ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ሴት ልጆች ምን አገባው?» ሊለን ይችላል። ሁለት መልስ አለን። አንደኛው ለወሎ ሰው ማስረዳት የማያስፈልገው ነው። በአንድ ቅሬ የሚቀባበር፣ በአንድ አበጋር የሚታረቅ ሕዝብ የጎረቤቱ ልጅ ስትወድቅ «የእኔ አይደለችም» አይልም። ላስታ ላይ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ወደ ወልዲያ፣ ወደ መርሳ፣ ወደ ቆቦ ሲወረድ ግን ብዙ ነው፤ ዞኑ አንድ፣ ትምህርት ቢሮው አንድ፣ መጽሐፉም አንድ ነው።

ሁለተኛው መልስ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ነው። እኛ ሙስሊሞች ስለ ሴት ልጆቻችን ትምህርት ስናነሳ በቅድሚያ የሚመጣልን ሒጃብ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በታኅሣሥና በጥር 2017 በአክሱም ከ150 በላይ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሒጃባቸውን ካላወለቁ የብሔራዊ ፈተና ፎርም እንዳይሞሉ መከልከላቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፣ በመቀሌም በሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጥተዋል። ያን ድምፅ ማሰማታችን ትክክል ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ ግን የሒጃብ ጥያቄ የለም። ልጅቷ ነጠላዋን ለብሳ ትገባለች፣ በር ላይ የሚያስቆማት የለም። እዚያም ሆኖ 7ኛ ክፍል ላይ ትጠፋለች። እንግዲያው ከበሩ ሌላ የሚጥላት ነገር አለ። ያ ነገር ሐብሩና ቆቦ ላይም አለ፤ እኛ ስለ በሩ ስንከራከር ሳናየው ያለፍነው እሱን ነው።

ጥናቶቹ ምን እንደሚሉ እንይ። የአማራ ክልል በሴቶች ምዝገባ ከብዙ ክልሎች የተሻለ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሴቶቹ ቁጥር ለዓመታት ከወንዶቹ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ቆይቷል። አንዱ ምክንያት ደግሞ ወንዱ ከብት ጥበቃ መቅረቱ ነው። ስለዚህ «ወላጅ ሴት ልጁን ትምህርት ቤት አይልክም» የሚለው የድሮ ወቀሳ እዚህ ብዙም አይሠራም። ይልካል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ በ4ኛና በ8ኛ ክፍል ላይ የተካሄዱት አገር አቀፍ የትምህርት ምዘናዎች ሁለት ነገር ደጋግመው አሳይተዋል። አንደኛ፣ የሁለቱም ጾታ አማካይ ውጤት ፖሊሲው ካስቀመጠው 50 በመቶ በታች ነው። ሁለተኛ፣ በወንድና በሴት መካከል ያለው ልዩነት በ4ኛ ክፍል ጠባብ ሆኖ በ8ኛ ክፍል ይሰፋል። ልጅቷ ትምህርት የማይገባት ሆና ቢሆን ልዩነቱ ከመነሻው በታየ ነበር። የሆነ ነገር የሚሆነው በእነዚያ አራት ዓመታት ውስጥ ነው።

መሠረቱ ራሱ የላላ መሆኑን መካድ አይቻልም። በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶዎቹ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። የዓለም ባንክ ደግሞ በኢትዮጵያ 10 ዓመት ገደማ ከሞላቸው ልጆች 90 በመቶዎቹ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ይገምታል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጅ አይደግምም፣ ዝም ብሎ ይዛወራል፤ ስለዚህ ማንበብ የማትችለዋም ልጅ ሳትታወቅ 4ኛ ትደርሳለች። ይህ የወንዱም የሴቷም ችግር ነው። ወንዱ ግን ሊያካክስበት የሚችል ጊዜ አለው፤ እሷ የላትም።

ጉዳዩ የጊዜ ነው ስንል በትክክል እንዲገባን የአንዲትን የደጋ ልጅ ቀን እንቁጠር። ጎህ ሳይቀድ እሳት ታያይዛለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ታናናሾቿን ታበላለች፤ ከዚያ ትሄዳለች። ስትመለስ ማገዶ ወይም ኩበት ትለቅማለች፣ ሽሮ ታማስላለች፣ ተራዋ ሲደርስ እንጀራ ትጋግራለች። ሲመሽ መብራት የለም፤ ኩራዝ ካለ ጋዙ ውድ ነው። ወንድሟም ሥራ አይፈታም፣ ይህን አንክድም። ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ ደብተሩን ሜዳ ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ምጣድ ላይ የቆመች ልጅ አትችልም። 5ኛ ክፍል ከገባች ደግሞ አካሏ ጠንክሯል ተብሎ የቤቱ ሥራ ይጨመርባታል። ትምህርቱ የሚከብደውም በዚያው ዓመት ነው፤ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ሲያስተምር ቆይቶ ከ5ኛ ጀምሮ ለየትምህርቱ መምህር ይለያያል። በአማራ ክልል ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ለረጅም ጊዜ በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ቆይተዋል። ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ማጥኛ የሌላት ልጅ በማታውቀው ቋንቋ የሳይንስ መጽሐፍ እንዴት አድርጋ ትወጣዋለች?

መንገዱም ይረዝማል። በገጠር እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት መንደሩ አጠገብ ይሠራል፤ ከ5ኛ በላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ሸለቆ ተሻግሮ፣ ወንዝ ወርዶ ነው። እድሜዋ 12 እና 13 ሲደርስ፣ ወላጅ ስለ ጠለፋና ስለ መደፈር መስጋት በሚጀምርበት ጊዜ፣ መንገዱ እጥፍ ይሆናል። ወር አበባዋም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሽንት ቤቱ በር የለው፣ ውኃ የለው፣ ሞዴስ መግዣ ብር የላት። በየወሩ ሦስትና አራት ቀን ቤት ትውላለች፤ ያ ደግሞ በዓመት የአንድ ወር ትምህርት ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ ማውራት ነውር የሚመስለው ሰው በመካከላችን አለ። የመዲና የአንሷር ሴቶች ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሐይድ በግልጽ ይጠይቁ ነበር፤ እኛ የፊቅሁን ኪታብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያቀራን ልጅቷን ስለ ጨርቅ የማንጠይቅበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ጋብቻው አለ። በ2003ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ ያገቡት 15 ዓመት ሳይሞላቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እድሜው ከፍ እያለ መጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ግን አሁንም ከ8ኛ ክፍል ተማሪ እድሜ እምብዛም አይርቅም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይላል፣ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ደግሞ ያለ እድሜ ጋብቻን በእስራት ይቀጣል። ወላጅ ግን የሚያስበው ስለ ሕጉ አይደለም። የልጁን የክፍል ካርድ አይቶ፣ ውጤቷ እንደወረደ አይቶ፣ «ከዚህ በኋላ ምን ልታመጣ ነው?» ይላል። ውጤት የወረደው በሥራ ብዛት ነው፤ በወረደው ውጤት ደግሞ ትዳሯ ይወሰናል። ክፉው ነገር ይህ መዞሪያ ነው። ፊደል የማይለየው ወላጅ እንኳ ካርዱ ላይ ያለውን ደረጃ ያነባል።

ጦርነቱን ሳንጨምር ስለ ላስታ ተናገርን ማለት አይቻልም። በመስከረም 2012 1ኛ ክፍል የገባችን አንዲት ልጅ እናስብ። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። በ2013 ዘግይቶ ተከፈተ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 የህወሓት ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 እጅ ስትለዋወጥ ቆየች፤ የ3ኛ ክፍል ዓመቷ እንዲሁ ተቦጨቀ። ጥቅምት 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፣ አንድ ዓመት ትንፋሽ ተገኘ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በመከላከያና በፋኖ መካከል ግጭቱ ተነሣ፤ ላስታና አካባቢው ከቀጣናው ውስጥ ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን ያስታወቀው በዚህ ወቅት ነው። ይህች ልጅ አንድም ዓመት ሳትደግም ቢሆን ኖሮ በ2018 7ኛ ክፍል ነበረች። በሰባት ዓመት ውስጥ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሳይቆራረጥ የተማረችው ስንት ዓመት እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይቁጠር። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር «ቤት ከምትቀመጥ» የሚለው ምክር ይመጣል፤ በሩ እንደገና ሲከፈት ወንዱ ይመለሳል፣ እሷ ግን የሰው ቤት ገብታለች። ቱሪስቱ መቅረቱም ተጨማሪ ጉዳት ነው፤ በአስጎብኚነት፣ በሆቴል ሥራ፣ በበቅሎ ኪራይ የሚገባው ገንዘብ ለላስታ ልጆች የደብተርና የዩኒፎርም መግዣም ነበር።

አሁን ከደጋው ወደ እኛው ሰፈር እንውረድ። ሐብሩ ላይ፣ ቆቦ ላይ፣ በደቡብ ወሎ ወረዳዎች ያለችው ሙስሊም ልጅ የምትውለው ቀን ከላስታዋ ልጅ ቀን ብዙ አይለይም። ሁለት ነገር ይጨመርባታል። አንደኛው መድረሳ ነው። ቁርኣን መማሯ ከትምህርቷ ጋር የሚጋጭ አይደለም፤ እንዲያውም በልጅነቷ ፊደል የቀራች፣ በቃል መያዝ የለመደች ልጅ ክፍል ውስጥም ትጠቀምበታለች። የዳናንና የጋታን የዒልም ታሪክ የያዘ ሕዝብ ይህን አያጣውም። ችግሩ ጠዋት መድረሳ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት ሥራ ሲደራረብባት ማንም ሰው ሰዓቱን ደምሮ አለማየቱ ነው። ኡስታዙና ርእሰ መምህሩ በአንድ ቀበሌ እየኖሩ ተገናኝተው አያውቁም።

ሁለተኛው ዓረብ አገር ነው። ከወሎ ስንት ልጅ በጅቡቲና በየመን በኩል እንደሄደ፣ ስንቷ ሳዑዲ እንደቀረች የማያውቅ ቤት የለም። በ2008 ዓ.ም የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሥራ የምትሄድ ሴት ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀች እንድትሆን ይጠይቅ ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፣ ልጅ እንዳትሄድ ለመከላከል። መስፈርቱ ግን ለብዙ ቤተሰብ ሌላ ትርጉም ሰጠ ብለን እናምናለን፤ 8ኛ ክፍል የትምህርት መካከለኛ ጣቢያ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻው ፌርማታ መሰለ። ልጅቷ ለምን ትማራለች ሲባል «8ኛን እስክትይዝ» የሚል መልስ ከሰማን፣ ውጤቷ ለማን እንደሚጠቅም ቤተሰቡ አስቀድሞ ወስኗል ማለት ነው። እናት የተሻለ አማራጭ ስላላየች ነው እንዲህ የምትለው፤ እሷን መውቀስ ቀላል ነው፣ አማራጩን ማሳየት ግን የእኛ ሥራ ነበር።

የሚሠራ ነገር መኖሩን እዚሁ አማራ ክልል አይተናል። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በምትባል ቀበሌ፣ ብርሃነ ሔዋን የሚል ፕሮግራም ተሞከረ። ለልጆቹ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጣል፤ ከወላጆችና ከሃይማኖት አባቶች ጋር ውይይት ይደረጋል፤ ልጁን ለሁለት ዓመት ሳይድር ያቆየ ቤተሰብ ደግሞ አንድ የሚረባ እንስሳ ያገኛል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ጨመረ፣ የማግባታቸው ዕድል በእጅጉ ቀነሰ። ኋላ በዚያው ክልል በተደረገ ሰፋ ያለ ሙከራ ከ12 እስከ 14 ዓመት ካሉት መካከል ደብተርና እስክሪብቶ የመሳሰለውን ብቻ ያገኙት ልጆች፣ ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የማግባታቸው ዕድል በ94 በመቶ ያነሰ ሆነ። ትልልቆቹን ያቆያቸው ደግሞ በዓመት ሁለት ዶሮ ነበር። እኛን ያስገረመን የነገሩ ማነስ ነው። አንድን አባት ውሳኔውን ያስቀየረው የሕግ አንቀጽ አልነበረም፤ ደብተርና ዶሮ ነበር። ድህነት የሚወስንበት ጠርዝ ያን ያህል ቀጭን ነው።

ይህ ከሆነ የእኛ ተቋማት አቅም አይጎድላቸውም። ዘካ አለን። የድሃ ልጅ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ሞዴስ ለፈቂርና ለሚስኪን ከሚሰጠው ውስጥ እንደሚገባ ዑለማዎቻችን ያስረዱን፤ ሰደቃው ደግሞ ለጎረቤቱም ልጅ ይሁን፣ ይምርሐነ ክርስቶስ ላለችውም ቢሆን። ረመዳን ላይ ለአንድ ማታ ኢፍጣር የምናወጣው ገንዘብ ለስንት ልጅ የዓመት ደብተር እንደሚገዛ በየመስጂዱ ያሉ ኮሚቴዎች ቁጭ ብለው ያስሉት። ኢፍጣሩ ይቅር አላልንም።

ወልዲያና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓቸው ጠንካራ ነው። ክረምት ላይ ወደየቀያቸው ሲመለሱ ለ6ኛ፣ ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ሴት ልጆች በመድረሳው ግቢ ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑ የሚያስፈልጋቸው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነው። በአንዳንድ ሰፈር ተጀምሯል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመጡት ወንዶቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ሰዓቱ የሚወጣው እንጀራ በሚጋገርበት ጊዜ ነው። ሰዓቱን እናቶች ይወስኑት። አስጠኚዎቹም ሴት ተማሪዎች ቢሆኑ አባት ልጁን ለመላክ አይሰጋም፣ ልጅቷም ዩኒቨርሲቲ የደረሰች የቀዬዋን ልጅ በዓይኗ ታያለች።

ኒካሕ የሚያስሩ ሸይኾቻችን ከሁሉም የበለጠ ሥልጣን አላቸው። ቀበሌ የማያውቀውን ሠርግ እነሱ ያውቁታል። ወሊዩ ልጄን ልድር ብሎ ሲመጣ ስለ መህሩ ከመነጋገር በፊት «ስንተኛ ክፍል ናት? ካርዷን አምጣ» የሚል ሸይኽ ቢኖር ያ ሠርግ ቢያንስ እስከ ሰኔ ይዘገያል፤ አንድ ዓመት የዘገየ ሠርግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ዓመት ይዘገያል። ጥያቄው ከመንበር ላይ በጁሙዓ ኹጥባ ቢነሣ ሌላው ሸይኽም ለመጠየቅ አያፍርም። በ2017 መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ የመጡት የመጅሊስ አመራሮች በየወረዳው የሒጃብ አቤቱታ የሚከታተል ሰው ቢመድቡ ደግ ነው፤ ያው ሰው የሴት ልጆችን መቅረትና ማቋረጥም ይመዝግብ እንላለን።

መመዝገቡ ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ዛሬ ይህ መረጃ በእጃችን የለም። በአንድ መስጂድ ዙሪያ ስንት ሴት ልጆች በመስከረም 7ኛ ክፍል እንደገቡ፣ ከእነሱ ስንቶቹ በሰኔ 8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ላይ እንደተቀመጡ፣ ያልተቀመጡት የት እንደሄዱ የሚያሳይ ዝርዝር የያዘ የመስጂድ ኮሚቴ ካለ ልምዱን ለሌሎች ያካፍል። ለሌላቸው የዘንድሮው የ7ኛ ክፍል ስም ዝርዝር በትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር እጅ ይገኛል፤ የጁሙዓ ቀን ሁለት ሽማግሌ ልኮ መጠየቅ ይቻላል።